በደጋና በቆላ ወሰን ላይ ያደግንበት ጎዳና

ከእንጅባራ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ የሚወርደው መንገድ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2500 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ካለው፣ ገብስና ድንች ከሚበቅልበት፣ ጉም ማልዶ ከሚያለብሰው የአገው ምድር ደጋ ወጥቶ፣ አየሩ ጥቂት በጥቂት እየሞቀ፣ ገብሱም ለዳጉሳና ለበቆሎ ቦታውን እየለቀቀ፣ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ወደ 1600 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ጫግኒን ያገኛል። ከዚያም አያርፍም፤ ወደ ግልገል በለስ፣ ወደ ማንቡክ፣ ወደ ጉባ እያለ እስከ ሱዳን ጠረፍ የሚዘረጋውን የመተከልን ሰፊ ቆላ ይያያዘዋል። ጠዋት በእንጅባራ ጋቢ ደርቦ የተሳፈረ መንገደኛ ጫግኒ ሲደርስ ጋቢውን አጣጥፎ በክንዱ ላይ ያኖራል፤ ከታች ከቆላው የመጣው ደግሞ በዚያው በጫግኒ ብርድ ተሰማኝ ብሎ ነጠላውን ይደርባል። ሁለቱ የሚገናኙበት አንድ ጎዳና አለ፤ ይህም ጽሑፍ ስለዚያ ጎዳናና በዳሩ ስላደጉት ልጆች የሚናገር ነው።

የአገራችን ከተሞች አብዛኞቹ ከመንገድ የተወለዱ ናቸው። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ከተቋቋመ ወዲህ የመኪና መንገድ በደረሰበት ሁሉ የተደረገውን ልብ ብሎ ያየ ሰው የከተማን አፈጣጠር በቀላሉ ይረዳዋል፤ አስቀድሞ ጎዳናው ይጠረጋል፤ ቀጥሎ ለተጓዡ እንጀራና ጠላ የምትሸጥ አንዲት ሴት ጎጆዋን ከዳሩ ትተክላለች፤ ከርስዋ ጎን ጨውና ላምባ የሚቸረችር ነጋዴ ባለ ቆርቆሮ ክዳን ቤት ያቆማል፤ ከነጋዴውም ጎን ወፍጮ፣ ከወፍጮውም ጎን የልብስ ሰፊ በረንዳ ይከተላል፤ በመጨረሻም መንግሥት ማኅተሙን ይዞ ይመጣና ስፍራው ከተማ ይባላል። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ከተማ ውስጥ ቤት ሁሉ ፊቱን ወደ ጎዳናው አዙሮ ጀርባውን ለጓሮው ይሰጣል። የፊት ክፍሉ ሱቅ ነው፤ ከመጋረጃው በስተኋላ ያለው የቤተ ሰቡ መኖሪያ ነው፤ ከዚያም ወዲያ ማድ ቤቱ፣ ጎመኑና ጌሾው ያሉበት ጓሮ ይከተላል። በዚህ ዐይነት ቤት የሚወለድ ሕፃን በጓዳና በአደባባይ መካከል ያለው መጋረጃ ሲገለጥና ሲዘጋ እያየ ያድጋልና፣ ከእናቱ ድምፅ ቀጥሎ የሚሰማው የማያውቃቸውን ሰዎች ድምፅ ነው።

እኔም ከነዚያ ልጆች አንዱ ነበርሁ። በ1970ዎቹ የጫግኒ ጎዳና አስፋልት አልለበሰም፤ ጠጠር የፈሰሰበት፣ በበጋ አቧራው እስከ ጣሪያ የሚነሣ፣ በክረምት ደግሞ በዚያ አገር እንደሚታወቀው ዝናቡ ያለ መጠን ሲወርድ ጎርፉ ከሁለት የሚከፍለው መንገድ ነበረ። ጎርፉን የምንሻገርበት ድንጋይ ለያንዳንዳችን የታወቀ ነበረ፤ ሕፃን ተሸክሞ የሚያሻግር ጐልማሳም በየቦታው ይገኝ ነበር። ንጋቱን የሚያበሥረን በመጀመሪያ የቤተ ክርስቲያን ደወልና የመስጊድ አዛን፣ ቀጥሎ የሱቅ በሮች የቆርቆሮ ድምፅ፣ ከዚያም የወፍጮ ቤቱ ሞተር ነበረ፤ ያ ሞተር ሲነሣ እያመነታ፣ ኋላም እኩል እየመታ ቀኑን ሙሉ ስለሚሄድ፣ ድንገት ያቆመ እንደ ሆነ ጎዳናው ሁሉ ቀና ብሎ ይመለከት ነበር። ከወፍጮ ቤቱ በር እስከ መንገዱ ዳር ጆንያና ስልቻ ያዘሉ ሴቶች ተራቸውን ሲጠብቁ ይውላሉ። የከተማው ወሬ ሁሉ የሚሰማውም በዚያ ነበረ፤ ማን እንደ ታመመ፣ የማን ልጅ እንደ ታጨ፣ የየትኛው አገር ዝናብ እንደ ዘገየ ለማወቅ ከዚያ ሰልፍ የተሻለ ስፍራ አልነበረም፤ እኛም እናቶቻችንን ተከትለን የሄድን ልጆች ከዱቄቱ ጋራ ይህን ሁሉ ይዘን እንመለስ ነበር።

ጫግኒ በዚያ ዘመን በጎጃም ክፍለ ሀገር ውስጥ የመተከል አውራጃ ርእሰ ከተማ ስለ ነበረች፣ ጎዳናዋ የነጋዴ ብቻ ሳይሆን የባለ ጉዳይም ነበረ። ፍርድ ቤቱና የአውራጃው ጽሕፈት ቤት ከሩቅ የሚመጣውን ሰው ይጠሩታል፤ እርሱም ከቀጠሮው አስቀድሞ ደርሶ በጎዳናው ላይ ያድራል፣ ይበላል፣ ይመካከራል። ራፖር ጸሐፊዎች በጥላ ሥር ትንንሽ ጠረጴዛቸውን ዘርግተው፣ የሰውን በደል ከአፉ እየተቀበሉ «አመልካች»፣ «ተጠሪ»፣ «ለክቡር ፍርድ ቤት» እያሉ በሥርዐት ሲጽፉት ልጆች በትከሻቸው ላይ አሻግረን እናይ ነበር። ፊደል የቆጠርነው በቄስ ትምህርት ቤት፣ ዳዊትም የደገምነው በመምህራችን አለንጋ ሥር ቢሆን፣ ጽሕፈት የሰውን ኀዘን ተሸክሞ ወደ ሹም ፊት የሚቀርብ ኀይል ያለው ነገር መሆኑን ያስተማረን ግን ያ ጥላ ነው። መሬቱን ያጣ አንድ ሽማግሌ ከተናገረው ብዙ ቃል ውስጥ ጸሐፊው ለወረቀቱ የሚበጀውን መርጦ ሲያነብለት፣ ሽማግሌው «ይኸው ነው፤ ይኸው ነው ነገሬ» ብሎ እንባውን ሲያብስ ማየት ለአንድ ሕፃን ከባድ ትምህርት ነው።

ይሁን እንጂ ጎዳናው መልኩን በሙሉ የሚገልጠው በገበያ ቀን ነበረ። ከሌሊት ጀምሮ ከሁሉም አቅጣጫ የሰው ጎርፍ ይገባል። ከደጋው፣ ከባንጃና ከአንከሻ በኩል፣ አገዎች በፈረስ ይወርዳሉ፤ ፈረስ በአዊ አገው ዘንድ የጭነት እንስሳ ብቻ ሳይሆን የክብር መገለጫ ነውና፣ ኮርቻውና ልባቡ ተጊጦ፣ ጋላቢው ቀጥ ብሎ ሲያልፍ እኛ ልጆች መንገዱን እንለቅለት ነበር። የሰባት ቤት አገው የፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ የዐድዋን ድልና የፈረሶቹን ውለታ እያሰበ በየዓመቱ በጥር 23 ቀን በእንጅባራ የሚያከብረው በዓል ዛሬ በመላው አገር የታወቀ ሆኗል፤ እኛ ግን ያንን ግርማ በየሳምንቱ ጨው ሊገዛ ሲመጣ እናየው ነበር። ከነርሱ ጋራ ቅቤ፣ ድንች፣ ገብስና የቀርከሃ ሥራ ይወርዳል። ከቡለንና ከወምበራ በኩል ሽናሾች ይመጣሉ፤ ጨርቅና ሸቀጥ የሚነግዱ እስላሞች ድንኳናቸውን በመንገዱ ዳር ይተክላሉ፤ ኦሮምኛ የሚናገሩም ከሩቅ ይደርሳሉ።

ከቆላው ደግሞ ጉሙዞች ይወጣሉ። የጉሙዝ ሴቶች ሸክማቸውን በጀርባ አይጭኑትም፤ አንድ ረጅም እንጨት በትከሻ ላይ አጋድመው፣ በሁለቱም ጫፍ ማር ወይም ዝንጅብል፣ ጥጥ ወይም ሰሊጥ እኩል አንጠልጥለው፣ ያ ሁሉ ክብደት እየተወዛወዘ ሳይዛነፍ፣ ረጅሙን መንገድ በእግራቸው ይመጣሉ። ያን ሚዛን እኛም በጓሮአችን በዱላና በቅል ልንሠራው ሞክረን ሳይሆንልን ቀርቷል። እነዚህ ሰዎች ወደ ጎዳናው የሚገቡት ግን እንደ ሌላው ገበያተኛ ተዝናንተው እንዳልነበረ መሰወር አይገባም። የመተከል ጉሙዝ ባርነት በ1934 ዓ.ም. በዐዋጅ ፈጽሞ እስኪከለከል ድረስ ለብዙ ትውልድ ከደጋው በሚወርድ ወራሪ ሲታደንና ሲሸጥ የኖረ ሕዝብ ነው፤ ያ መከራ ከዐዋጁ በኋላም በስድብና በንቀት፣ በተጭበረበረ ሚዛንና በተጣመመ ዋጋ ሲቀጥል በልጅነት ዐይናችን አይተናል። አንዳንድ ነጋዴ አንድን የማር ቅል በጥቂት ጨው ሊወስድ ሲሞክር፣ ሻጪቱም ቋንቋው ስለማይገባት ዝም ብላ ስትቆም፣ ከበረንዳው ተነሥተው «ይህ ግፍ ነው፤ እግዜር ያያል» ብለው ዋጋውን የሚያስተካክሉ እናቶችና ሽማግሎች ነበሩ፤ ዝም የሚሉም ነበሩ። አንድ ልጅ በዚያ ጎዳና ላይ ቆሞ ሁለቱንም ያያል፤ ከሁለቱም ማንን እንደሚመስል የሚወስነውም በዚያው ዕድሜው ነው ብዬ አምናለሁ።

ቋንቋውን የተማርነው እንዲሁ ነው። መጽሐፍ አልነበረንም፤ መምህርም አልነበረንም፤ ነገር ግን የሱቅ ልጅ ለደንበኛው ሒሳብ መናገር አለበትና፣ ከዐሥር ዓመት በታች ያለ ሕፃን በአማርኛ፣ በአገዎቹ ቋንቋ በአውኚና በጉሙዝኛ ሲቆጥር፣ ሰላምታ ሲሰጥና ሲከራከር መስማት በጫግኒ የሚያስደንቅ አልነበረም። አንዳንዱ ብልኅ ልጅ አስተርጓሚ ሆኖ ያገለግል ነበር፤ በሁለት ጐልማሶች መካከል ቆሞ፣ የአንዱን ቁጣ ለሌላው ሲያቀርብ አለዝቦ፣ የሌላውንም ዋጋ ሲመልስ ጥቂት ጨምሮ፣ ሁለቱም ደስ ብሏቸው እንዲለያዩ ያደርግ ነበር፤ በዋጋውም ሙዝ ወይም አንድ እፍኝ ኦቾሎኒ ያገኝ ነበር። እንዲህ ያለውን ልጅ ሽማግሎች ይመርቁታል፤ እኛ ጓደኞቹም እንቀናበት ነበር።

ሒሳብንም እንዲሁ ከቁናና ከጣሳ ተማርን። እህል በቁና ይሰፈራል፤ ኑግና በርበሬ በጣሳ፤ ስኳርና ጨው በሚዛን። ጉልት ላይ የሚቀመጡት ሴቶች ቃሪያውንና ሽንኩርቱን በመደብ በመደብ ከምረው ይሸጣሉ፤ ገዢም ዋጋውን ከከፈለ በኋላ «ምርቃቱስ?» ብሎ እጁን ይዘረጋል፤ ሻጪቱም ከጎኗ ካለው ጥቂት ታክልለታለች። ይህ ጭማሪ በሒሳብ ሲታይ ከንቱ ኪሳራ ይመስላል፤ ነገር ግን ገዢው በሚቀጥለው ገበያ ከሌላዋ ዐልፎ ወደ ርስዋ የሚመለሰው በዚያ ምክንያት ነበረ። የዱቤ ደብተሩ ነገር ግን ከሁሉም ይበልጣል። በየሱቁ መደርደሪያ ሥር ጠርዙ የተቀደደ፣ ላምባና ዘይት የነካው አንድ ደብተር ይቀመጣል፤ በርሱም የመምህሩ፣ የፖሊሱ፣ የመበለቲቱ፣ ከቆላው የሚወጣው የማር ነጋዴ ሁሉ ስም በየገጹ ተጽፏል። ደመወዝተኛው በወር መጨረሻ፣ ገበሬው በመኸር ይከፍላል፤ ባለ ሱቁም በስሙ ላይ አንድ ሰረዝ ያሰምራል። ፊርማ አልነበረም፤ ዋስ አልነበረም፤ ቃሉን ያጠፈ ሰው ቅጣቱ በዚያ ጎዳና ላይ በሁሉ ፊት መመላለስ ነበረ። አባቱ የሞተበት ባለ ዕዳ ሲኖር ባለ ሱቁ ገጹን ቀድዶ ወደ ልቅሶው እንደ ወሰደው የሰማሁት በልጅነቴ ነው፤ ይህንንም እስከ ዛሬ ከሰማኋቸው ስብከቶች ሁሉ አብልጬ አስበዋለሁ።

ጄን ጃኮብስ የተባለች አሜሪካዊት ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1961 ስለ ታላላቅ ከተሞች በጻፈችው መጽሐፍ፣ የከተማን ጎዳና ደኅንነት የሚጠብቀው ፖሊስ ብቻ ሳይሆን በመስኮትና በበረንዳ ሆነው የሚመለከቱ የነዋሪዎች ዐይኖች መሆናቸውን፣ ልጆችም በዘመድነት ከማይዛመዷቸው ዐዋቂዎች ኀላፊነትን የሚማሩት በመንገድ ዳር መሆኑን ታስረዳለች። የርስዋ ነገር ኒው ዮርክን የተመለከተ ነው፤ ነገሩ ግን በጫግኒም ያው ነበረ። በጎዳናው ላይ ያለ ጐልማሳ ሁሉ «አያ»፣ ሴቲቱ ሁሉ «እቴቴ» ነበረች፤ ሁሉም ሊልከን፣ ሊገሥጸን፣ ሊያበላንም መብት ነበረው። «አንተ የነማን ልጅ ነህ?» የሚለው ጥያቄ ከማንኛውም አፍ ሊመጣ ይችላልና፣ ድንጋይ ወርውሮ የሸሸ ልጅ ቤቱ ሳይደርስ ወሬው ይቀድመዋል። በሌላ ወገን ደግሞ እናቱ የታመመችበት ልጅ ምሳውን የት እንደሚበላ አያስጨንቀውም ነበር። ዛሬ በየከተማው በግንብ አጥር ውስጥ የሚያድጉትን ልጆች ስመለከት፣ ከመኪናና ከክፉ ሰው ልንጠብቃቸው ስንል ከዚህም በረከት እንደ ለየናቸው እያየሁ ከልቤ አዝናለሁ።

ጎዳናው የራሱ ቀን መቍጠሪያም ነበረው። በነሐሴ 13 ቀን፣ በደብረ ታቦር በዓል፣ ወንዶች ልጆች ዱላ ይዘን ሆያ ሆዬ እያልን ከሱቅ ወደ ሱቅ እንዞራለን፤ እናቶች ሙልሙል፣ ባለ ሱቆች ሳንቲም ይሰጡናል፤ ከእስላሞቹም ሱቅ ያለ ስጦታ የተመለስንበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። ዐዲስ ዓመት ሲባት ሴቶች ልጆች እንግጫ ጎንጉነው፣ እኛም አበባና መላእክት በቀለም ሥለን በየደጃፉ እናበረክታለን። በመስከረም 16 ደመራ ይተከላል። በጥምቀት ደግሞ ታቦታቱ በዚያው ጎዳና ላይ ወደ ባሕረ ጥምቀቱ ሲወርዱ፣ ካህናቱ በጽናጽልና በከበሮ ሲያሸበሽቡ፣ ያ አቧራማ ጎዳና ለአንድ ቀን ሜዳ ሣር ተነጥፎበት፣ የጭነት መኪናው በዳር ቆሞ፣ ሾፌሩ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ፍኖተ እግዚአብሔር ይሆን ነበር። በረመዳንም ፀሓይ ስትጠልቅ ከእስላም ጎረቤቶቻችን ቤት የሳምቡሳው መዓዛ ወደ በረንዳችን ይደርሳል፤ በልጅነታችን የማናችን በዓል እንደሆነ አጥርተን የምንለየው በሚበላው ነገር ብቻ ነበር።

ስለ ጤና ሳላነሣ ባልፍ ሥዕሉ ይጎድላል። ጫግኒ የደጋ ነጋዴ ወደ ቆላ ከመውረዱ በፊት የሚቆምባት ከተማ የሆነችበት አንዱ ምክንያት ወባ ነው። ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ፣ በየቤቱ አንድ ሰው በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ይንቀጠቀጣል፤ መራራው የክሎሮኩን ክኒን በእኛ ዘንድ ከምግብ በላይ የታወቀ ነበር። የወባ ማጥፊያ ሠራተኞች መርጫቸውን በጀርባቸው አዝለው ሲመጡ ዕቃውን ሁሉ ወደ በረንዳ እናወጣለን፤ የሰው ሁሉ የጓዳ ምስጢር በዚያን ቀን በጎዳናው ላይ ይታያል። ከዚያ በሽታ የቀበርናቸው ጓደኞች አሉ፤ ስማቸውን አልረሳሁም።

ከሁሉም በላይ በልቤ ተቀርጾ የቀረው ግን በ1977 ዓ.ም. የተጀመረው ነገር ነው። በሰሜኑ አገር በወረደው ድርቅና ረኃብ ምክንያት መንግሥት ሕዝቡን ወደ ምዕራብ ሲያሰፍር፣ ወደ በለስ ሸለቆ፣ ወደ ፓዌ የተላከው ብቻ ከ80 ሺህ ሰው የሚበልጥ ነበረ። የጭነት መኪናዎቹ በመንገዳችን ላይ ተከታትለው ሲያልፉ፣ ከላይ የታጨቀው ሰው ከወሎ፣ ከሸዋ፣ ከከምባታና ከሐዲያ፣ ከሌላውም አገር የመጣ፣ አቧራ ፊቱን ያለበሰው፣ አብዛኛው ወዴት እንደሚሄድ የማያውቅ ነበር። መኪናው ጥቂት በቆመ ጊዜ የጎዳናው ሴቶች እንስራቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ ውሃ፣ ቆሎ፣ ያደረ እንጀራ ወደ ላይ ያቀብላሉ። ከላይ የሚዘረጉት እጆች ቅጥነት አሁንም ይታየኛል። አንዳንዶቹ የተናገሩት አማርኛ ለኛ ዐዲስ ለዛ ነበረው፤ የአንዳንዶቹን ቋንቋ ደግሞ ከከተማው ውስጥ የሚያውቅ አልተገኘም፤ ያ ቋንቋ ወደማይሰማበት አገር እንደሚሄዱ ማሰብ ለልጅ አእምሮ እንኳ ከባድ ነበረ።

ጥቂት ጊዜ ቆይቶ፣ በ1978 ዓ.ም. አካባቢ፣ በጣልያን መንግሥት ርዳታ የጣና በለስ ፕሮጀክት ሲጀመር፣ ሳሊኒ የተባለው የጣልያን ኩባንያ መኪናዎች ወደ ፓዌ ይወርዱ ጀመር። ከርዝመታቸው የተነሣ መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ ጎዳናው ሁሉ ሥራውን ትቶ ያያቸው ነበር። ሰፋሪዎቹም ከዓመታት በኋላ ወደኛ ገበያ ይወጡ ጀመር፤ አገራቸውን ስንጠይቃቸው ስም አልነበረውም፤ «መንደር ሰባት»፣ «መንደር ዐሥራ አራት» እያሉ በቁጥር ይነግሩን ነበር። ይዘውት የመጡትን ሩዝና ኦቾሎኒ፣ የወሎውን ለስላሳ ንግግር፣ የከምባታውን የቆጮ ናፍቆት ጎዳናው ቀስ በቀስ ተቀበለው። ነገር ግን የነርሱ መስፈር ለጉሙዙ መሬቱን መልቀቅ ማለት ነበረ፤ ይህንንም በዚያን ጊዜ የተናገረ ጥቂት ነው፤ ዋጋውም ኋላ በደም ተከፍሏል።

በዚያው ዘመን ስለ ነበረው ንግድ ብዙ አልናገርም፤ በአገሩ ሁሉ እንደ ነበረው ነውና። እህል ከወረዳ ወደ ወረዳ እንዳይተላለፍ ኬላ ይጠብቃል፤ ገበሬው ከምርቱ የተወሰነውን ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በተቈረጠ ዋጋ ያስረክባል፤ ስኳርና ሳሙና በቀበሌው የኅብረት ሱቅ በሰልፍና በካርድ ይገኛል። ሰው ሁለት ቁና ጤፍ ለዘመዱ ሊወስድ እንኳ በሌሊት በጓሮ መንገድ ይሄድ ነበር። በየካቲት 1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅና ኬላው ሲነሣ፣ ጎዳናው ከብዙ ዓመት በኋላ በሙሉ ድምፁ ሲናገር ሰማነው።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የአስተዳደሩ ካርታ ሲለወጥ፣ መተከል በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ውስጥ ዞን ሆኖ መቀመጫው ወደ ግልገል በለስ ወረደ፤ ጫግኒ ደግሞ በአማራ ክልል በአዊ ብሔረሰብ ዞን ውስጥ ቀረች። ከዚያ ቀደም የአንድ አውራጃ መካከል የነበረችው ከተማ የሁለት ክልሎች ወሰን ሆነች ማለት ነው። ራፖር ጸሐፊዎቹ ከባለ ጉዳዮቻቸው ጋራ ተነሥተው ሄዱ፤ ፈረሰኛውና ማር ሻጪቱ ግን አልቀሩም፤ ገበያ የካርታን መስመር እንደ ሹም ቶሎ አያከብርምና። ከዚያ በኋላ አስፋልቱ መጣ፤ ሳሊኒም ተመልሶ መጣ፤ በግንቦት 2002 ዓ.ም. የተመረቀውን 460 ሜጋዋት የሚያመነጨውን የበለስ ኀይል ማመንጫ የሠራ ያው ኩባንያ፣ ከመጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ጀምሮ በጉባ ታላቁን የሕዳሴ ግድብ ሲገነባ፣ ከዐዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ግድቡ የሚወርደው መንገድ የኛው ጎዳና ነበረና፣ በልጅነታችን የረኃብተኛ መኪና በቆመበት ስፍራ ብረትና ሲሚንቶ የጫኑ ተሳቢዎች ሲያልፉ ዓመታት ዐለፉ። ግድቡ በጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ ያደግሁበትን ጎዳና አስቤ ደስታዬ እጥፍ ሆነ።

በነዚህ ሁለት ቀናት መካከል ግን ሌላ ነገር ሆኗል። በመተከል ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ እየባሰ የሄደው ግድያ አማራውንም፣ አገውንም፣ ሽናሻውንም፣ ጉሙዙንም በላ፤ በ2013 ዓ.ም. ቤቱን ጥሎ የሸሸው በአሥር ሺዎች የሚቈጠር ሕዝብ ወደ ጫግኒ ወጥቶ ራንች በተባለው የከብት ማርቢያ ስፍራ በድንኳን ሰፈረ። ዘመን ተመልሶ በዚያው መንገድ ላይ የመጣ እስኪመስል ድረስ፣ በእግርና በመኪና የደረሰውን ስደተኛ የከተማው ሰው እንጀራ ይዞ ወጥቶ ተቀበለ። ከተቀበሉት መካከል በ1977 ቆሎውን ወደ መኪናው ያቀብሉ የነበሩ፣ አሁን ያረጁ ሴቶች ነበሩበት፤ ከተሰደዱትም መካከል ያን ጊዜ በሕፃንነታቸው ከመኪናው ላይ ሆነው ያን ቆሎ የተቀበሉ ነበሩ። ከቆላው የሚወጣው የማር ቅል ግን ለብዙ ጊዜ ከገበያው ታጣ፤ ባለ እንጨት ሸክሟ ሴትም አልታየችም። በልጅነታችን ሦስት ቋንቋ ያስተማረን ጎዳና ያን ያህል ዝም ሲል መስማት፣ በርሱ ላደገ ሰው፣ እጅግ የሚያሳዝን ነገር ነው።

በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የዐዲስ አበባ ፒያሳ አሮጌ ሱቆችና በረንዳዎች ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ፣ በዚያ ያደጉ ብዙ ሰዎች ፎቶግራፍና ትዝታ ለመሰብሰብ የተነሡት ከፈረሰ በኋላ ነበር። ይኸው ሥራ በየክልሉ ከተሞች እየተከተለ ነው፤ ጎዳና መስፋቱንና መጽዳቱንም የሚጠላ የለም። በጫግኒ ግን ከዚያ አስቀድሞ መሠራት ያለበት አንድ ነገር ይታየኛል። በእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ የአዊና የመተከል ወጣቶች ወርደው፣ በሕይወት ያሉትን የጎዳናውን ነጋዴዎች፣ የወፍጮ ቤት ሴቶች፣ አስተርጓሚ የነበሩ ሰዎችና የማር ነጋዴዎች በየቋንቋቸው ቢቀዱ፣ ባለ ቤቶቹ በፈቀዱ መጠን የዱቤ ደብተሮቹን ቅጂ ቢያነሡ፣ የበረንዳዎቹንና የበሮቹን ሥዕል ቢይዙ፣ ጉሙዙም ስለዚያ ገበያ ያየውን በራሱ አፍ ቢናገር፣ የዚህ ወሰን ታሪክ ከአንድ ወገን ብቻ አይጻፍም። ደብተሮቹን ከጻፉት ነጋዴዎች ብዙዎቹ ዐርፈዋል፤ ልጆቻቸው ግን አብዛኞቹ አሁንም በዚያው ጎዳና ላይ ይነግዳሉ፤ ለመጠየቅም ሩቅ አይደሉም።